«ላቦራቶሪ ስገባ እምነቴን ደጅ ትቼ ነው»

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች የአንዱ ፍሬ ነገር እንዲህ ይላል፦

«የዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ያደግሁት ጎጃም ገጠር ነው፤ ከቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ደግሜ፣ በዐሥራ ሁለት ዓመቴ ዲቁና ተቀብዬ አገልግያለሁ። ዘንድሮ አንድ መምህራችን ‹በሙከራ ያልተረጋገጠ ነገር ሁሉ እምነት እንጂ ዕውቀት አይደለም፤ ሳይንስ ያልመለሰው ጥያቄ ቢኖር ገና ያልደረሰበት ብቻ ነው› አሉን። መልስ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ላቦራቶሪ ስገባ እምነቴን ደጅ ትቼ ነው፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ደግሞ የተማርሁትን ዶርም ትቼ እሄዳለሁ። ለፋሲካ ቤት ገብቼ እናቴ ‹ልጄ፣ ዳዊትህን አላቋረጥህም አይደል?› ብትለኝ ‹አላቋረጥሁም› ብዬ ዋሸኋት፤ ከከፈትሁት ወራት አልፈዋል። ትክክለኛው የቱ ነው? የግድ አንዱን መምረጥ አለብኝ? ለእናቴስ ምን ልበላት? እርስዎ ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ ሆይ፣

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብሁት። በመጨረሻ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግኸው የእናትህ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ እንደከበደህ ይገባኛል፤ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን የማምን ሰው መሆኔን ልንገርህ። ስለዚህ ከመካከል ተቀምጦ እንደሚፈርድ ዳኛ ሳይሆን፣ አንተ አሁን በቆምህበት መንገድ ቀድሞህ እንዳለፈ ታላቅ ወንድም አድርገህ ስማኝ።

መምህርህ የተናገሩት አንድ ሐሳብ ቢመስልም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተጣብቀውበታል። ይህን ለማየት አንደኛ ዓመት ሳለህ በእጅህ የሠራኸውን አስታውስ። የሽንኩርት ስስ ልጣጭ ስላይድ ላይ ዘርግተህ፣ አዮዲን ጠብ አድርገህበት፣ ከላይ ስስ መስታወት ደፍተህ ማይክሮስኮፕ ሥር ሳታስቀምጥ አልቀረህም። ማስተካከያውን ቀስ እያልህ ስታዞር መጀመሪያ የሚታይህ ጭጋግ ብቻ ነው፤ ቆይቶ ግን እንደ ጡብ ግድግዳ የተደረደሩት ሕዋሳት፣ በየውስጣቸውም ጠቆር ያለች ነጥብ የምትመስለው ኒውክለስ ድንገት ጥርት ብለው ይወጣሉ። ያየኸው እውነት ነው፤ አማኝ ቢያየውም ኢአማኒ ቢያየውም ያው ነው። «ከዚህ ሌላ ምንም የለም» የሚለው ቃል ግን በየትኛውም ሌንስ ቢፈለግ ስላይዱ ላይ አይገኝም። እሱን ከውጭ ይዞት የገባው ሰው ነው። አንተ እምነትህን ደጅ ትተህ ስትገባ፣ ሌላ እምነት ማንም ሳይጠይቀው አብሮህ ገብቶ ወንበር ይዟል ማለት ነው።

ያ ሌላ እምነት የራሱ አገርና የራሱ ዘመን አለው። የተወለደው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓ ነው፤ የተወለደበትንም ምክንያት ክርስቲያን የሆንን ሰዎች በሐፍረት ማስታወስ አለብን። እ.ኤ.አ. ከ1618 እስከ 1648 በዘለቀው የሠላሳ ዓመት ጦርነት፣ ምክንያቱ ሃይማኖት ብቻ ባይሆንም፣ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች መካከለኛውን አውሮፓ በደም አጥበውታል። ያን ያየ አስተዋይ ሰው «ሁላችንም ልንስማማበት የምንችል፣ ከቤተ ክርስቲያን ጠብ ውጭ የሆነ የዕውቀት መሠረት የለም ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ልንፈርድበት አይገባም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፍራንሲስ ቤከን በ1620 ዕውቀት በምልከታና በሙከራ ከታች ወደ ላይ ይገንባ አለ። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሬኔ ዴካርት በ1637 ባሳተመው ድርሰት የሚጠረጠረውን ሁሉ ጠርጥሮ ሊጠረጠር ያልቻለ አንድ ነገር ብቻ አገኘ፤ «አስባለሁ፤ ስለዚህ አለሁ»። ሁለቱም በእግዚአብሔር ያምኑ ነበር። ሆኖም ከዚያ በኋላ የዕውቀት መነሻ ፈጣሪ መሆኑ ቀርቶ የሚያስበው ሰው ሆነ፤ ዘመናዊነት የምንለው የዓለም እይታ ሥሩ እዚህ ላይ ነው። መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም ስለ ቁጥርና ስለ መጠን የማይናገር፣ በልምድ የማይፈተንም የሥነ መለኮት መጽሐፍ ካገኛችሁ እሳት ውስጥ ጣሉት እስከ ማለት ደረሰ። ፈረንሳዊው ኦጉስት ኮምት ደግሞ ከ1830 ጀምሮ ባሳተመው ሥራው የሰው ልጅ አእምሮ ሦስት ደረጃዎችን እንደሚያልፍ አስተማረ፤ መጀመሪያ ሃይማኖት፣ ቀጥሎ ፍልስፍና፣ በመጨረሻ ሳይንስ። «ገና ያልደረሰበት ብቻ ነው» የሚለው የመምህርህ ቃል የዚህ የኮምት ልጅ ነው። ይህን የምነግርህ መምህርህን ለማሳነስ አይደለም፤ እሳቸውም እንደ እኔና እንደ አንተ ከአባቶች የተቀበሉት ቃል እንዳለ እንድታውቅ ነው።

እንግዲህ ሁለቱ እይታዎች፣ ዘመናዊነትና ክርስትና፣ የሚለያዩበትን ላሳይህ። የመጀመሪያው ልዩነት «ያለው ምንድን ነው?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ዘመናዊነት በጎለመሰ መልኩ ያለው ቁስ አካልና ቁስ አካል የሚተዳደርበት ሕግ ብቻ ነው ይላል፤ ዓለም ከውጭ ማንም የማይነካት፣ በራሷ የተዘጋች ናት። አንተ ግን ድቁና ላይ ሳለህ በየቅዳሴው ጸሎተ ሃይማኖት ስትል «የሚታየውንና የማይታየውን» ስለፈጠረ አምላክ መስክረሃል። ያ ቃል እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት የተዉልን ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ ስደርስበት ልቤ ይነካል። የሚታየው ዓለም እውነተኛ ነው፤ ሕልም ወይም ጥላ አይደለም፤ መርማሪ ሊመረምረው የሚገባ፣ ሥርዓት ያለው ሥራ ነው። የእውነታ መጀመሪያ ግን ቁስ አካል ሳይሆን የሚያስብ፣ የሚወድ፣ የሚናገር አምላክ ነው። ከዚህ የተነሣ ክርስቲያን ሕዋስን ሲያጠና የተሠራ ነገር እያጠና እንደሆነ ያውቃል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንስተውን ስሕተት ልጠቁምህ። ሳይንስ ያላወቀውን ቀዳዳ እየፈለግን «ይኸው እግዚአብሔር እዚህ አለ» የምንል አለን። እንዲህ ያለ እምነት በየዓመቱ ይጠብባል፤ አዲስ ነገር በተገኘ ቁጥር አምላኩ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ያን ጊዜ መምህርህ «ገና ያልደረሰበት ብቻ ነው» ሲሉ ትክክል ይሆናሉ። የቤልጅየሙ ቄስ ዦርዥ ለሜትር እ.ኤ.አ. በ1927 ሕዋው እየሰፋ መሆኑን በስሌት አሳየ፤ ቆይቶም ዛሬ ቢግ ባንግ ለሚባለው ንድፈ ሐሳብ መሠረት ጣለ። በ1951 ፓፓ ፒዮስ 12ኛ ይህን ግኝት ለፍጥረት ትምህርት ማስረጃ አስመስለው ሲናገሩ ለሜትር አልተደሰተም። ግኝቱ በፊዚክስነቱ እንዲመዘን፣ እምነቱም በአንድ ስሌት ላይ እንዳይንጠለጠል ይፈልግ ነበር። አንተ በምትማረው ሙያም የዘር ውርስን ሕግ በአተር ተክል ያጠናው ግሪጎር ሜንደል መነኩሴ ነበር፤ ውጤቱን በ1866 ያሳተመው በገዳሙ አትክልት ቦታ ዓመታት ደክሞ ነው። እነዚህ ሰዎች እምነታቸውን ደጅ አልተዉም፤ በሥራው ላይም አላጣበቁትም።

ሁለተኛው ልዩነት የዕውቀት ጉዳይ ነው፤ መልስ ያጣኸውም እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር። «በሙከራ ያልተረጋገጠ ነገር ሁሉ ዕውቀት አይደለም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ወስደህ በራሱ ሚዛን ላይ አስቀምጠው። በየትኛው ሙከራ ተረጋገጠ? በምን ያህል ናሙና? የሚያረጋግጠው ሙከራ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ስለዚህ በራሱ መስፈርት ዕውቀት ሳይሆን እምነት ሆኖ ይገኛል። በ1920ዎቹ ቪየና ላይ የተሰበሰቡ ፈላስፎች «በልምድ ሊፈተን የማይችል አነጋገር ትርጉም የለውም» ብለው ሲነሡ ይህ ጥያቄ ቀርቦላቸዋል፤ መርሐቸውን ደጋግመው ቢያሻሽሉትም ችግሩ አልለቀቃቸውም። ፍልስፍናን በትምህርት ቤት የሚያስተምሩ፣ የማያምኑትም ጭምር፣ ይህን በሚገባ ያውቁታል። ባዮሎጂ ክፍል ውስጥ ግን ያ የከሸፈ መርሕ ዛሬም እንደ ጤነኛ ይዞራል።

ደግሞስ አንተ ራስህ የምታውቀውን እስኪ ቁጠረው። የዲ ኤን ኤን ቅርጽ በዓይንህ አላየኸውም፤ ያዩትን አምነህ ተቀብለሃል፤ ማመንህም ልክ ነው፤ ምስክሮቹ የታመኑ፣ ሥራቸውም ለሌላ ምስክር የተገለጠ ነውና። እናትህ እንደምትወድህ ታውቃለህ፤ ለዚህ ግን ሙከራ አላዘጋጀህም፤ ብታዘጋጅ ኖሮ ፍቅሯን ባቆሰልኸው ነበር። ሰው የሚታወቀው ራሱን ሲገልጥ፣ እኛም ስናምነው ነው። ክርስትና ከሁሉ በላይ ያለው እውነታ አካል ያለው፣ የሚናገር አምላክ ነው ካለ፣ እሱን የማወቂያው መንገድ ከሽንኩርት ልጣጭ ማወቂያ መንገድ ቢለይ ምን ያስደንቃል? የመጽሐፍ ቅዱሳችን ቋንቋም ይህን ያውቃል፤ ኦሪት ዘፍጥረት «አዳም ሚስቱን ሔዋንን ዐወቀ» ሲል መረጃ ሰበሰበ ማለቱ አይደለም።

ይህ ማለት ግን የተነገረን ሁሉ ሳይመረመር ይዋጥ ማለት አይደለም። ቶማስ የችንካሩን ምልክት ካላየሁ አላምንም ሲል ጌታ አላባረረውም፤ መጥቶ እጁን እንዲያስገባ ጠራው። ሐዋርያውም «ሁሉን ፈትኑ፤ መልካሙን ያዙ» ብሏል። እኔ በወጣትነቴ ለጥቂት ጊዜ የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ በሚሰጥበት መጻሕፍት ቤት ከሚማሩት አጠገብ ተቀምጬ አዳምጥ ነበር። የኔታ ግእዙን አንብበው፣ ቃሉን በአማርኛ ፈትተው፣ ምሥጢሩን ከገለጡ በኋላ ትንሽ ዝም ይሉና «አንድም» ይላሉ፤ ሌላ ፍች ይመጣል፤ ደግሞ «አንድም» ይላሉ፤ ሦስተኛው ይመጣል። አንዱ ሌላውን አያባርረውም። ተማሪው ደግሞ ዝም ብሎ የሚቀበል አልነበረም፤ «ይህስ ከላይ ካለው ጋር እንዴት ይስማማል?» እያለ ይጠይቃል፤ የኔታም አይቆጡም። ከእሳቸው የተማርሁት እውነት ብዙ ደጅ እንዳላት ነው። ዘመናዊነት ከነዚያ ደጆች አንዱን አገኘ፤ ያገኘው ደጅም ድንቅ ነው፤ ክትባትን የሰጠን እሱ ነው። የሚያሳዝነኝ ሌሎቹን ደጆች መርምሮ ባዶ ስላገኛቸው ሳይሆን፣ ከመጀመሪያው ደጅ አይደላችሁም ብሎ ስለዘጋቸው ነው።

ሌላም ልብ ልትለው የሚገባ አለ። ዴካርት ጥርጣሬውን ሲጀምር የሚጠረጥረው አእምሮ ራሱ ጤነኛና ገለልተኛ እንደሆነ በማሰብ ነው። ክርስትና በዚህ አይስማማም። አእምሮ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ነገር ግን ትዕቢት፣ ፍርሃትና ጥቅም ያጠመዙታል። ይህ በእኛም ላይ ይሠራል። ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች በማለቱ በ1633 በጋሊሊዮ ላይ የፈረዱበት ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስን በእጃቸው የያዙ ነበሩ።

ወደ ሦስተኛው ልዩነት ልለፍ፤ እሴት ወደምንለው፣ ማለትም መልካምና ክፉው ከየት ይመጣል ወደሚለው። ሁለቱ እይታዎች ለእኔ በግልጽ የተለያዩት በመጽሐፍ ሳይሆን በሕይወቴ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ዘመኑ የደርግ ነበር፤ በፖለቲካ ትምህርት ክፍለ ጊዜ «ቀዳሚው ቁስ አካል ነው፤ ንቃተ ኅሊና የእሱ ነጸብራቅ ነው» ብለን ደብተራችን ላይ ጽፈናል፤ ፈተናም ላይ መልሰናል። የቁስ አካል ዓለም እይታ ወደ አገራችን ጎልቶ የገባው በላቦራቶሪ በኩል አልነበረም፤ በአብዮት በኩል ነው። በዚያው ዘመን፣ በ1971 ዓ.ም.፣ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገደሉ። እኔ ልጅ ነበርሁ፤ የሰፈራችን ወላጆች የልጆቻቸውን ሬሳ ሲፈልጉ አይቻለሁ። ሰው የታሪክ ጉዞ መሣሪያ ብቻ ከሆነ፣ ጉዞውን የሚያደናቅፈውን ማስወገድ ለምን ነውር ይሆናል? ያን ጊዜ ይህን ጥያቄ በዚህ ቃል አልጠየቅሁትም፤ ሆዴ ግን ያውቀው ነበር።

ሂዩም ራሱ «እንዲህ ነው» ከሚል ቃል «እንዲህ ይሁን» የሚል ቃል በቀጥታ እንደማይወጣ አስተውሎ ነበር፤ ለዚህ ሐቀኝነቱ አከብረዋለሁ። ማይክሮስኮፑ ሕዋሱ በሽተኛ መሆኑን ይነግርሃል፤ በሽተኛው ሰው ሊታከም እንደሚገባ ግን አይነግርህም። እ.ኤ.አ. በ1883 እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን «ዩጀኒክስ» የሚለውን ቃል ፈጥሮ የሰውን ዘር እንደ ከብት ዘር መርጦ የማሻሻል ትምህርት አስፋፋ፤ በዘመኑ እንደ ሳይንስ ይቆጠር ነበር። ጀርመን በ1933 ባወጣችው ሕግ ወደ 400,000 የሚጠጉ ሰዎች በግዳጅ እንዳይወልዱ ተደረጉ፤ ቆይቶም አካል ጉዳተኞችንና የአእምሮ ሕሙማንን ወደ መግደል ተሸጋገረች። የሙንስተሩ ጳጳስ ክሌመንስ ፎን ጋለን በነሐሴ 1941 ከመንበራቸው ቆመው ግድያውን በአደባባይ ሲያወግዙ የቆሙበት መሠረት ይህ ነበር፤ የሰው ዋጋ በሚሠራው ሥራ አይለካም፤ «አትግደል» ያለውም እግዚአብሔር ነው። በዚያው አገር ብዙ ክርስቲያኖች ዝም ማለታቸውንም አልሸሽግህም።

የእኛንም አልሸሽግህም። የቀድሞው የሕግ መጽሐፋችን ፍትሐ ነገሥት ሰው በተፈጥሮው ነጻ ነው እያለ ባርነትን በሥርዓት አስተናግዷል፤ ክርስቲያን ነን ያሉ አያቶቻችን ወንድሞቻቸውን ሸጠዋል፤ ባርነት በሕግ በቁርጥ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ሆኖም የቤተ ክርስቲያን አባት የሆነው የኒሳው ጎርጎርዮስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን «የእግዚአብሔርን መልክ የሚገዛ ዋጋ ማን አለው?» በሚል መንፈስ ባርነትን በስብከቱ አውግዞ ነበር። ስለዚህ ክርስቲያን ሲበድል የሚከስሰው የራሱ መጽሐፍ ነው። የማያምን ሰው መልካም ሊሆን አይችልም እንዳልል ስማኝ፤ ከእኔ የሚሻሉ ኢአማንያንን አውቃለሁ። ጥያቄዬ ያ መልካምነታቸው፣ ደካማውን ሰው ማክበራቸው፣ በአተምና በሕግ ብቻ በተሞላ ዓለም ውስጥ ከምን ላይ እንደቆመ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት መሠረቱን በአእምሮ ብቻ ሊያቆም ደክሟል፤ ድካሙን አደንቃለሁ፤ ገና ማሰብ ለማይችል ሕፃን ወይም ማሰብ ላቆመ ሽማግሌ ግን ያ መሠረት እንደሚጠብብ ይሰማኛል።

እንግዲህ «የግድ አንዱን መምረጥ አለብኝ ወይ?» ላልኸው መልሴ ይህ ነው። ከባዮሎጂና ከእምነት አንዱን እንድትመርጥ የሚያስገድድህ የለም። ቁስ አካል ብቻ ነው ያለው ከሚለው እምነትና ዓለም ተፈጥራለች ከሚለው እምነት ግን አንዱን መምረጥ አለብህ፤ ሁለቱን በየተራ እየለበሱ መኖር ሰውን ያደክማል፤ አንተም ደክመሃል። ለመምረጥ አትቸኩል። መምህርህን ቢሯቸው ሄደህ፣ በክፍል ፊት ሳይሆን ለብቻቸው፣ በአክብሮት «ያሉን መርሕ ራሱ በምን ተረጋገጠ?» ብለህ ጠይቃቸው፤ ምናልባት ከጠበቅኸው የተሻለ ውይይት ይከፍቱልህ ይሆናል። ግቢ ጉባኤ ካለ ጥያቄህን ይዘህ ሂድ፤ «እንዲህ አይጠየቅም» ካሉህ ሌላ ሰው ፈልግ እንጂ ጥያቄህን አትቅበር። ለንስሐ አባትህም መጠራጠርህን እንደ ኃጢአት ዝርዝር ሳይሆን እንደ ሕመም ንገራቸው። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል፤ ከዚያ ምዕራፍ ጀምረህ ብታነብ የምትማረው ሙያና ያደግህበት ቤት ጠላቶች እንዳልሆኑ ታያለህ።

ስለ እናትህ ደግሞ፦ በስልክ አትንገራት። ክረምት ስትገባ፣ ሥራዋን ጨርሳ እሳት ዳር ስትቀመጥ አጠገቧ ሁንና «እማዬ፣ ለፋሲካ ዋሽቼሻለሁ፤ ዳዊቴን አቋርጫለሁ» በላት። ስለ ዴካርትና ስለ ኮምት ማስረዳት አይጠበቅብህም። ልታዝን ትችላለች፤ ልታለቅስም ትችላለች፤ ቢሆንም ከእውነተኛው ልጇ ጋር ታለቅሳለች። ከዚያ የረቡዕን ዳዊት ክፈትላት። 72ኛው መዝሙር እዚያ ውስጥ ነው፤ የኃጥአንን ሰላም አይቶ እግሩ ሊሰናከል ጥቂት የቀረው፣ ሊያስተውለው ሞክሮ የደከመው ሰው መዝሙር። በከንፈርህ ብቻ እንደማትደግመው እሱን ስትጀምር ታውቀዋለህ። እሷ እንድትሰማህ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብ፤ የከበደህ ቦታ ላይ ስትደርስም ቆም ብለህ ከበደኝ በላት።